«ሠላሳ ሰከንድ አለኝ፤ እናቴ ግን አልነሳም አለች»

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ብዙ ጊዜ አነባለሁ። ስለ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የምኖረው እስራኤል፣ አሽኬሎን ነው። 41 ዓመቴ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 15፣ ሴቷ 7 ዓመቷ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ሌሊት ቤት አያድርም። አባቴ ካረፈ ወዲህ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ስኳርም አለባት። ቤታችን ባለ አምስት ፎቅ የቆየ ሕንጻ ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ማማድ (ቤት ውስጥ የሚሠራ የተጠናከረ መሸሸጊያ ክፍል) የለንም። ሚክላቱ፣ የጋራ መሸሸጊያው፣ ያለው ከሕንጻው ጀርባ፣ ግቢው ውስጥ ነው።

እኛ ጋ አዛቃ፣ የአደጋው ሳይረን፣ ሲጮህ ለመሸሸግ ያለን ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። ከኦክቶበር 7፣ 2023 ጀምሮ ስንቴ እንደሮጥን ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንድ ሌሊት ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሳይረኑ ጮኸ። ሴቷን አቀፍኩ፣ ወንዱን ጠራሁ፣ «እማዬ ተነሺ!» ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። እጄን ገፋ አደረገችና «ሂጂ! ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ! እኔ ከእንግዲህ አልሮጥም» አለችኝ። ሄድኩ። ጥያት ሄድኩ። ሚክላቱ ውስጥ ሆኜ ፍንዳታ በሰማሁ ቁጥር የኛ ቤት ይመስለኝ ነበር። ስንመለስ ነጠላዋን ለብሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። «መጣችሁ?» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ሻይ ጣደችልን። ስለዚያ ሌሊት እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

እናቴ በ1984 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ነው ወደ እስራኤል የመጣችው። እኔ ጀርባዋ ላይ ነበርኩ። የሦስት ዓመት ወንድሜን ሱዳን ውስጥ፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ቀብራዋለች። ያኔ እኔን አዝላ አወጣችኝ። አሁን እኔ እሷን ትቼ እወጣለሁ።

ልጄ አልጋ ላይ መሽናት ጀምራለች። ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ጆሮዋን ትይዛለች። ብቻዋን ሻወር አትገባም። ፍንዳታ ስትሰማ «የኛ ነው የነሱ?» ትለኛለች። ጋዛ ቅርባችን ስለሆነ የዚያኛውም ድምፅ መስኮታችንን ያንቀጠቅጠዋል። እናቴ ይሄን ስትሰማ «እዚያም እናት አለች» ትልና ዝም ትላለች። ወንዱ ደግሞ በረንዳ ላይ ወጥቶ ሰማዩን በስልኩ ይቀርጻል።

በጁን 2025፣ ከኢራን ጋር ጦርነት በነበረባቸው 12 ቀናት፣ እህቴ እናቴን ወደ ናታንያ ወስዳት ነበር። በአራተኛው ቀን «ቤቴ መልሱኝ» ብላ አለቀሰች። ባለቤቴ «እህትሽ ጋ ትሂድ፣ አንቺ ልጆችሽን አድኚ» ይላል። አሁን ጋብ ብሏል። እኔ ግን ዛሬ ይመለሳል እያልኩ ነው የምተኛው። በግድ ልላካት? ወይስ እኔ አብሬያት ቀርቼ ልጆቹን ብቻቸውን ላስወጣ? እናቷን ጥላ የምትሮጥ ሴትስ ምን ዓይነት ሰው ናት?

ከአሽኬሎን

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለኛል።

ያን ሌሊት አንዷን አቅፈሻል፣ አንዱን ጠርተሻል፣ ለእናትሽ እጅሽን ዘርግተሻል። እሳቸው «ሂጂ» ሲሉሽ ታዘሻል። በ30 ሰከንድ ከዚህ በላይ ማድረግ የሚችል ሰው አላውቅም። ልጆቿን ያተረፈች፣ የእናቷን ቃል የሰማች ሴት ነሽ። ይሄን ስላልኩሽ ግን ዛሬ ማታ እንቅልፍ ይወስድሻል ብዬ አልገምትም። «ሄድኩ» ብለሽ አልበቃሽም፤ «ጥያት ሄድኩ» ብለሽ ደገምሽው። የሚያንገበግብሽ ከዚያ ወዲህ ያለው ዝምታ ይመስለኛል። በአንድ ጣራ ሥር ሆናችሁ ያን ሌሊት ለየብቻችሁ ተሸክማችሁታል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት ነገር ዓይኔ ገባ። አንደኛው ነጠላው ነው። መሞቴን መርጫለሁ ያለ ሰው ከአልጋው አይነሳም። እናትሽ ግን በጨለማ ተነስተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ቁጭ ብለው ጠበቋችሁ። «መጣችሁ?» ሲሉሽ ምን ያህል ተጨንቀው እንደቆዩ ይሰማኛል። ሁለተኛው የተናገሩት ቃል ነው። «አልወጣም» አላሉሽም። «አልሮጥም» ነው ያሉሽ።

ለእሳቸው መሮጥ ምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ከጎንደር ገጠር ተነስተው በእግራቸው ወደ ሱዳን የወጡት ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ሽፍታና ወታደር እየሸሹ፣ ብዙውን በሌሊት ነው የተጓዙት። በመንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ከእነዚያ አንዱ የእናትሽ ልጅ ነው። ሕጻን ይዞ በጨለማ መሮጥ እሳቸው ውስጥ የት ቦታ እንደሚነካ አስቢው። ልሳሳት እችላለሁ፤ ግን እጅሽን የገፉት ያኔ እሳቸው የገጠማቸው አንቺን እንዳይገጥምሽ ይመስለኛል። ማንን ልያዝ፣ ማንን ልተው የሚለውን ምርጫ ካንቺ ላይ ሊያነሱልሽ ፈልገው ይሆናል። ስጦታ ነው። አንቺ ደግሞ ይሄን ስጦታ አልፈለግሽውም። ይሄን ነው መነጋገር ያለባችሁ።

እንዴት? ልጆቹ ትምህርት ቤት በሄዱበት ሰዓት ቡና አፍዪ። በአቦሉ ስለ ሌላ ነገር ተጫወቱ። ቶናው ሲቀዳ «እማዬ፣ ያን ሌሊት ትቼሽ መውጣቴ እንቅልፍ ነስቶኛል። አንቺስ እዚህ ሆነሽ ምን እያሰብሽ ነበር?» በያቸው። ከዚያ ዝም በይ። ለምን አልተነሳሽም ብለሽ አትጀምሪ፤ ክስ ይሆንባቸዋል። ስለ ወንድምሽ ራሳቸው ካነሱ ስሙን ጠርተሽ ጠይቂያቸው። ለመሆኑ ስሙ ቤታችሁ ውስጥ ይነሳል? በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሱዳን መንገድ የሞቱት ሄርጽል ተራራ ላይ ይታሰባሉ፤ አብረሻቸው ሄደሽ ታውቂያለሽ? «ተይው ልጄ» ካሉሽ ደግሞ ተይው። አንዴ በሩ ከተንኳኳ ሌላ ቀን ራሳቸው ሊከፍቱት ይችላሉ።

አሁን ወደ 30 ሰከንዱ እንምጣ። እናትሽ አልሮጥም ካሉ፣ መሮጥ የማያስፈልገው ቦታ እንፈልግ።

ሁለት ፎቅ ደረጃ ወርዶ፣ ሕንጻውን ዞሮ ሚክላት መግባት ጉልበቷን ለሚያማት እናት በ30 ሰከንድ የሚሆን አይደለም። ለአንቺም ልጅ አቅፈሽ የሚሆን አይመስለኝም። የእስራኤል ጦር የደጀን ዕዝ፣ ፒኩድ ሃኦሬፍ፣ የሚለው በተሰጠሽ ጊዜ ልትደርሺበት ከምትችዪው ቦታ የተሻለ የተጠበቀውን ምረጪ ነው። ማማድ ለሌለውና ሚክላት ለማይደርስ ሰው የውስጥ ደረጃውን ያመለክታሉ። ከሦስት ፎቅ በላይ በሆነ ሕንጻ ከላይ ቢያንስ ሁለት ፎቅ ያለበት ደረጃ ይመረጣል፤ መስኮት ወይም የውጭ ግድግዳ ያለው ግን አይሆንም። አንቺ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ ሁለተኛው ላይ ነሽ። ስለዚህ ከበርሽ ውጭ ያለውን የደረጃ ወለል ሂጂና እዪው። መስኮት አለው? መስታወት አለው? ከሌለው የምትፈልጊው ቦታ ከእናትሽ አልጋ ጥቂት እርምጃ ላይ ነው ማለት ነው። መስኮት ካለው ከቤቱ ውስጥ የውጭ ግድግዳና መስኮት የሚያንሰውን ክፍል ምረጪ። ከመስኮቱ በታች ዝቅ ብላችሁ፣ የውስጥ ግድግዳ ተጠግታችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ። ኩሽና፣ ሽንት ቤትና ሻወር አይሁን፤ ሴራሚኩና መስታወቱ ይረግፋል። ከተጠራጠርሽ ወደ ደጀን ዕዙ በ104 ደውለሽ የሕንጻሽን ሁኔታ አስረጂያቸው። እኔ ከሩቅ ከምገምተው እነሱ የሚሉሽ ይበልጣል።

ማነው ማንን የሚይዘው የሚለውንም አሁኑኑ፣ በሰላሙ ጊዜ ወስኑት። ወንዱ ልጅሽ 15 ዓመቱ ነው። ክንዱ ጠንካራ ነው። የአያቱን ክንድ እሱ ይያዝ። አንቺ ሴቷን ያዢ። ደረጃው ላይ ስትደርሱ ልጅቷን ለአያቷ ስጫት፤ ጭናቸው ላይ ትቀመጥ፣ ነጠላው ውስጥ ትግባ። እናትሽ ለራሳቸው ብለው ላይነሱ ይችላሉ። የልጅ ልጃቸው እቅፋቸውን እየጠበቀች እንደሆነ ካወቁ ግን የሚቀሩ አይመስለኝም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ልጅቷን «አያትሽን አንቺ አስነሺያት» አትበያት። ያ ለሰባት ዓመት ልጅ የማይቻል ሸክም ነው። አያቷ እንደሚያቅፏት ብቻ ትወቅ።

ትንንሽ ነገሮችም አሉ። እናትሽ ከፈቀዱ አልጋቸውን በሩ አጠገብ ወዳለው ሳሎን አምጪው። ከአልጋው ሥር ተረከዙ የተዘጋ ጫማ ይቀመጥ፤ ነጠላ ጫማ ደረጃ ላይ ያንሸራትታል። ቁልፉ ማታ በሩ ላይ ይደር። አንዲት ትንሽ ዱካ በሩ ኋላ አስቀምጪ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት ለጉልበታቸው ፈተና ነው። አንድ ቦርሳ ውስጥ ውሃ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስኳር መድኃኒታቸውና ድንገት ስኳራቸው ቢወርድ የሚቀመስ ጣፋጭ ነገር ይኑር። እናትሽ ሰንበትን አክብረው ስልክ ክፍት እንዲያድር ካልወደዱ፣ በሰንበት ዝም ብሎ ቆይቶ አዛቃ ሲኖር ብቻ የሚናገር የሬዲዮ ስርጭት አለ። ዓርብ ሳይመሽ ከፍታችሁ መተው ነው። እንዲህ ላለው ነገር የሚያከብሯቸው የቤተ እስራኤል ቄስ ካሉ ቃላቸው ካንቺም ከእኔም ቃል ይበልጣል። ነፍስ ለማዳን ሰንበት እንደሚሻር ከቄሱ አፍ ይስሙት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባለቤትሽ ባለበት፣ ተለማመዱት። የሳይረን ድምፅ አታጫውቱ፣ ልጅቷን ያስደነግጣታል። «አሁን!» ማለት ይበቃል። ሰዓቱን ወንዱ ልጅሽ በስልኩ ይያዝ። 30 ሰከንድ ካለፈ የቱ ጋ እንደቆያችሁ ፈልጉና እሱን አቅልሉ። አያት «እኔን ለምን ታንገላቱኛላችሁ» ብለው ይቆጡ ይሆናል፤ ይቆጡ። ቡናው ከልምምዱ ቀጥሎ ይፈላል በዪአቸው።

ከሩቅ ለሚመጣ ሚሳይል ግን ሌላ እቅድ ያዙ። በጁኑ ጦርነት እንዳየሽው ከሳይረኑ በፊት ስልክ ላይ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ደቂቃዎች ታገኛላችሁ። ያን ጊዜ ሁላችሁም፣ በእናትሽ እርምጃ፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ሚክላቱ ውረዱ። መቼ እንደምትወጡም በሚመጣው መልእክት ይወሰናል።

አሁን ደግሞ ሳልነግርሽ ማለፍ የማልወደው ከባድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶ እናትሽ አንድ ሌሊት እንደገና «አልነሳም» ቢሉስ? ልጆችሽን ይዘሽ ትወጪያለሽ። ልጆቹን ብቻቸውን ማስወጣቱን ከሐሳብሽ አውጪው፤ በፍንዳታ መሃል እናታቸውን የሚፈልጉ ልጆች ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ይሄንንም ቡናው ላይ ንገሪያቸው፦ «እማዬ፣ እንድትመጪ እለምንሻለሁ። ካልመጣሽ ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ፣ ልቤ ግን አንቺ ጋ ነው የሚቀረው»። ያኔ እሳቸው ሊመርቁሽ ይችላሉ፤ ወይም እንዲህ ከሆነስ እመጣለሁ ሊሉሽ ይችላሉ። ያም ሆነ ይህ በቀን ብርሃን የተባለ ነገር ነው፤ በጨለማ በጩኸት መሃል የሚወሰን አይሆንም።

ስለ ልጅሽ። ከዚህ ዓይነት ድንጋጤ በኋላ ልጆች ወደ ሕጻንነት ጠባይ መመለሳቸው የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ረጋ ሲሉ ይተዋቸዋል። አንሶላውን ያለ ንግግር ቀይሪላት። ወንድሟ እንዳይቀልድባት ለብቻው ንገሪው። ሻወር ስትገባ በሩ ገርበብ ይበል፣ አንቺ ደጁ ላይ ቁጭ ብለሽ አውሪያት። «አዛቃ ቢጮህ ፎጣ ይዤ እመጣለሁ፣ ጠቅልዬሽ እንወጣለን» በያት፤ ፎጣውን በእጅሽ ይዘሽ ታሳዪያት። የምትፈራው ራቁቷን መቅረትን ሊሆን ይችላልና። «የኛ ነው የነሱ?» ስትልሽ የምታውቂውን በአጭሩ መልሺላት፤ «ሩቅ ነው፣ እኛ አሁን መሸሸግ አያስፈልገንም» በያት። ምንም አይደርስም ብለሽ ግን ቃል አትግቢላት፤ ነገ ሳይረን ሲጮህ ቃልሽን ትጠራጠራለች። ጋዛ አጠገብ ባለችው በስዴሮት፣ ለመሸሸግ 15 ሰከንድ ብቻ እያላቸው ያደጉ ልጆች ሳይረኑ ሲጮህ እየዘመሩ፣ እጅና እግራቸውን እያራገፉ ነው የተማሩት። እናትሽ እሹሩሩ ቢሉላት ያው ነው።

እናትሽ «እዚያም እናት አለች» ሲሉ ደግሞ እባክሽ አታስቁሚያቸው። ጋዛ ውስጥ የሚያስጠነቅቅ ሳይረንም፣ የሚገቡበት ሚክላትም የሌላቸው እናቶች አሉ። ልጅሽ ፍርሃት ውስጥ ሆና ለሌላው ማዘንን ከአያቷ ብትማር ምን ክፋት አለው?

ወንዱን ስለ በረንዳው ስበኪው አልልሽም። እንደሚፈራ እርግጠኛ ነኝ፤ ስልኩ ነው የሚከልለው። የከሸፈ ሮኬት ስብርባሪ ሰው እንደሚገድል እሱም ያውቃል። በቁጣ ፋንታ ሥራ ስጪው። አያቱ ያለ እሱ ክንድ ከአልጋቸው እንደማይነሱ ካወቀ በረንዳው ይቀራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ብቻችሁን ስትሆኑ «ቪዲዮውን ለማን ነው የምትልከው? እነሱስ ምን ይሉሃል?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱ ስለ ልጅሽ ብዙ ይነግርሻል።

ናታንያን በተመለከተ፣ በግድ መላኩ አልታየኝም። አንዴ ካገራቸው የወጡ፣ አንዴ ደግሞ ከቤታቸው የተወሰዱ ሰው ናቸው። ሐሳቡን ግን አትዝጊው። እዚያ 90 ሰከንድ አላቸው፤ የእህትሽ ቤት ማማድ ካለው ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። በአራተኛው ቀን ያስለቀሳቸው ምን ነበር? ጎረቤት ማጣት? ቡና የሚያጣጣ ሰው? ወይስ እናንተ እዚህ እየተተኮሰባችሁ እሳቸው እዚያ መሆናቸው? መልሱ የመጨረሻው ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ነገሩ ሲጠና ልጅቷም አብራቸው ትሂድ። የሚሄዱበትንና የሚመለሱበትን ቀን ራሳቸው ይቁረጡ።

ባለቤትሽን አትቀየሚው። «ልጆችሽን አድኚ» የሚለው ሌሊት መንገድ ላይ ሆኖ ምንም ማድረግ ስለማይችል ይሆናል። እሱም ሳይረን ሲሰማ መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ራቅ ብሎ መሬት ላይ ተኝቶ ራሱን በእጁ መሸፈን አለበት፤ ማን ያስታውሰዋል? ከእያንዳንዱ አዛቃ በኋላ አንድ ቃል ተላላኩ፤ «ደኅና» በቂ ነው።

በመጨረሻ፣ ይሄን ሁሉ ብቻሽን አትያዢው። የትምህርት ቤቱን ዮዔጼት፣ አማካሪዋን፣ ሄደሽ አናግሪያት፤ መሽናቱና ፍርሃቱ ሳምንታት ከቀጠለ በጤና መድን ድርጅትሽ፣ በኩፓት ሆሊም፣ በኩል ወደ ሕጻናት የሥነ ልቦና ባለሙያ እንድትልክልሽ ጠይቂ። ናታል የሚባለው በጦርነት ለተጎዳ ሰው የሚያማክር ድርጅት በ1-800-363-363 በነጻ ይገኛል። ኤራን የሚባለው የሥነ ልቦና እርዳታ የስልክ መስመር ደግሞ በ1201 አለ፤ በሌሊትም ይመልሳሉ። ስትደውዪ አማርኛ የሚናገር ሰው እንዳለ መጀመሪያ ጠይቂ፣ ለእናትሽም ይጠቅማል። ለልጅሽ ቀጠሮ ስትይዢ ደግሞ ለራስሽም ያዢ። የሚመቸኝ ሰዓት የለም እንዳትዪኝ፤ ባለቤትሽ ቤት ባለበት ቀን ይሁን፣ ልጆቹን እሱ ይያዝ።